ከቀለሙ ሥር ያለው ስንጥቅ

አብርሃ ጅራ ላይ ደላላ ነህ እንበል። ሰሊጡን ሸጦ ቤት የሚፈልግ ሰው መጣልህ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ አንተ ግን ከሥሩ ስንጥቅ እንዳለ ታውቃለህ። ትናገራለህ ወይስ ኮሚሽንህን ታስባለህ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል።

አንተም እጅህን አስገባ፦

• ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱንና የበርና የመስኮቱን ማዕዘን ከገዢው ጋር እይ።
• የጭቃ ቤት ከሆነ ምሰሶውን ከሥሩ በቢላ ወጋ አድርግ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ውስጡ ባዶ ነው።
• በቀን በሩን ዘግተህ ወደ ቆርቆሮው ቀና በል፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል።
• ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ጎረቤት ጠይቅ።
• ያልገባህን «ግንበኛ ይየው» በል።

በሸሪዓ እንከኑ የተደበቀበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ነገር ግን በክረምት ሌሊት ግድግዳው ልጆች ላይ ቢወድቅ፣ የትኛው ዳኛ ይመልሳቸዋል?

እውነቱን ብትናገር ምናልባት ኮሚሽኑ ይቀርብህ ይሆናል፤ በረካው ግን አይቀርብህም። አላህ በሐላሉ ያብቃቃን። ጁሙዓ ሙባረክ!