ህዋ ቀዝቃዛ ከሆነ ማቀዝቀዣው ለምን?

ስለ ኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) ቴሌስኮፖች በተነሣ ቁጥር ከክፍል ጓደኞቼ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ህዋ ራሱ በረዶ አይደል እንዴ? ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስፒትዘር የተባለውን የናሳ የህዋ ቴሌስኮፕ ምሳሌ አድርጌ መልሱን ለማሳየት እሞክራለሁ። ትንሽ ስሌትም አለችበት፤ እንዳትሸሹ!

ቴሌስኮፑ ራሱ ያበራል

ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ጨረር ይረጫል። በቪን ሕግ መሠረት 2,898ን በኬልቪን ለተለካው ሙቀት ብናካፍል፣ ጨረሩ የሚበረታበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮሜትር እናገኛለን። 300 ኬልቪን አካባቢ ያለ ነገር፣ ማለትም የክፍላችን ግድግዳም ሆነ እኛ ራሳችን፣ በይበልጥ የምናበራው 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ስፒትዘር ደግሞ የተሠራው ከ3.6 እስከ 160 ማይክሮሜትር ያለውን ጨረር ለማየት ነው። ስለዚህ ያልቀዘቀዘ ቴሌስኮፕ ከሩቅ የመጣውን ደካማ ጨረር በራሱ ብርሃን ይውጠዋል። በጠራራ ፀሐይ የኩራዝ ብርሃን እንደ መፈለግ ቁጠሩት።

«ህዋ ቀዝቃዛ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። እዚያ አየር ስለሌለ ሙቀት በንፋስ አይወሰድም፤ መውጫው ጨረር ብቻ ነው። በአንድ ወገን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ መሬትም ለቅርብ ጎረቤቷ ሙቀት ትልካለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2003 የመጠቀው ስፒትዘር መሬትን ከመዞር ይልቅ መሬትን ከኋላ እየተከተለ ፀሐይን እንዲዞር የተደረገው አንዱም ለዚህ ነው።

ማን የት ይቀመጣል?

ስፒትዘር ሦስት መሣሪያዎች ነበሩት፤ አንድ ካሜራ፣ አንድ ስፔክትሮግራፍና አንድ የረጅም ሞገድ ፎቶሜትር። የሦስቱም ቀዝቃዛ ክፍሎች 84 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ባለው ክብ የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቀው ነበር። ሳጥኑ የተቀመጠው በቀጥታ ከሂሊየም ታንኩ አናት ላይ ነው። ሙቀት የሚያመነጨው ኤሌክትሮኒክስ ግን ታች፣ በሞቃቱ የመንኮራኩሩ ክፍል ቀረ። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በተራ ነው፤ አንዱ ሲበራ ሌሎቹ ይጠፋሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድም መላው ቴሌስኮፕ ትንሽ ዞር ይላል እንጂ መሣሪያ የሚመርጥ ተንቀሳቃሽ መስታወት አልተገጠመለትም።

በታንኩ ውስጥ 360 ሊትር ያህል፣ ከ2 ኬልቪን በታች የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ነበር። ሥራው ከእንስራ አይለይም፤ እንስራ ላይ ላቡ ሲተን ውሃው እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ ሂሊየሙም ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንፋሎቱም ዝም ብሎ አይጣልም፤ በመጀመሪያ ቴሌስኮፑን እስከ 5.5 ኬልቪን ያቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ያሉትን መከላከያዎች።

ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የአውሮፓው አይሶ (እ.ኤ.አ. 1995) ቴሌስኮፑ በሙሉ በትልቅ ፔርሙዝ ውስጥ ሆኖ ነበር የመጠቀው። ከ2,000 ሊትር በላይ ሂሊየም ጭኖ በኤፕሪል 1998 ጨረሰ፤ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላውም። በስፒትዘር ፔርሙዙ ውስጥ የገቡት ታንኩና የመሣሪያዎቹ ሳጥን ብቻ ናቸው። ቴሌስኮፑ ከውጭ ሆኖ ሳይቀዘቅዝ መጠቀና ሙቀቱን መጀመሪያ በነፃ ለህዋ ለቀቀ። የውጭው ሽፋን ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ በጨረር ብቻ 35 ኬልቪን አካባቢ ደረሰ።

አንድ ሚሊዋት ስንት ያወጣል?

እስቲ እናስላ። 360 ሊትር ሂሊየም 52 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሂሊየሙ ያለቀው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2009 ስለሆነ 2,090 ቀን ቆይቷል። በአማካይ በቀን 25 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ግራም ሲተን 21 ጁል ገደማ ስለሚወስድ፣ በታንኩ ላይ ያረፈው ሙቀት በሙሉ 6 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። አሁን አንድ ሚሊዋት እንጨምር። ዕድሜው በሰባት ስድስተኛ ይካፈላል፤ ማለትም አሥር ወር ያህል ይቀንሳል! ለአንዲት ቀጭን ሽቦ የሚጨነቁት ወደው አይደለም።

ሂሊየሙ ሲያልቅ መሣሪያዎቹ ወደ 28 ኬልቪን አካባቢ ሞቁ። ረጃጅሞቹን ሞገዶች ማየት ቀረ፤ የካሜራው የ3.6 እና የ4.5 ማይክሮሜትር ክፍሎች ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 እስኪዘጋ ድረስ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የትራፒስት-1 ኮከብ የሰባት ፕላኔቶች ግኝት የመጣውም ከዚሁ «ሞቃት» ዘመኑ ነው። ጥላውና ጥቁሩ ሽፋን ባይኖሩ ኖሮ ታሪኩ በ2009 ያበቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የመጠቀው የዌብ ቴሌስኮፕ ይህንኑ መንገድ ገፍቶበታል። ባለ አምስት ድርብ ጥላው ሥር የቅርብ ኢንፍራሬድ መሣሪያዎቹ ያለ ማቀዝቀዣ 40 ኬልቪን አካባቢ ይቆያሉ። ከ7 ኬልቪን በታች መውረድ ያለበት ሚሪ ብቻ ሲሆን፣ እርሱን የሚያቀዘቅዘው በዝግ ቧንቧ የሚዞር፣ ተንኖ የማያልቅ ሂሊየም ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሙቀትን ከገባ በኋላ ከማባረር ከደጅ መመለስ ይሻላል። ማን በእርግጥ መቀዝቀዝ አለበት? ምን ያህል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ የጠየቀ መሐንዲስ በ360 ሊትር ከ2,000 ሊትር በላይ ያልሠራውን ሠራ።