ሲኒየር 5 ከመግባታችሁ በፊት፦ የትምህርት ምርጫና የነጥብ ስሌት

ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ነገር የሚታሰበው ከመጨረሻው ፈተና በኋላ ይመስለናል። በኡጋንዳ የትምህርት ሥርዓት ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የሚወሰነው የሲኒየር 4 ውጤት ወጥቶ የሲኒየር 5 ትምህርት በሚመረጥበት ሰሞን ነው። ምርጫውም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን፣ ያውም ጓደኛ የያዘውን አይቶ ይፈጸማል።

ሲኒየር 5 የገባ ተማሪ ሦስት ዋና ትምህርቶችን ይይዛል። በተጨማሪም ጄኔራል ፔፐር የተባለውን፣ እንዲሁም በንዑስ ደረጃ ሂሳብ ወይም ኮምፒዩተር ይወስዳል። በሲኒየር 6 ፈተና ዋና ትምህርት ኤ ከሆነ 6፣ ቢ 5፣ ሲ 4፣ ዲ 3፣ ኢ 2 ነጥብ ያስገኛል። ሁለቱ ተጨማሪዎች ግን ቢታለፉ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ናቸው። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቢያንስ ሁለት ዋና ትምህርቶችን በአንድ የፈተና ወቅት ማለፍ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንደ ማኬሬሬ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነጥቡን ደምረው ብቻ አያቆሙም፤ ያባዙታል። ለተፈለገው ሙያ ወሳኝ የሆኑት ሁለት ትምህርቶች በ3፣ ተዛማጅ የሆነው ሦስተኛው በ2 ይባዛሉ። ለሕክምና ወሳኞቹ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ናቸው። ተማሪ ሀ በሁለቱ ኤ፣ በሂሳብ ሲ አገኘች እንበል፦ 18፣ 18 እና 8፣ ድምሩ 44። ተማሪ ለ በባዮሎጂና በሂሳብ ኤ፣ በኬሚስትሪ ሲ አገኘ፦ 18፣ 12 እና 12፣ ድምሩ 42። ሁለቱም ያገኙት ሁለት ኤ እና አንድ ሲ ነው፤ የመግቢያ ነጥብ በአስርዮሽ በሚለይበት ቦታ ግን ሁለት ነጥብ ብዙ ነው። ኬሚስትሪን ጨርሶ ያልያዘ ተማሪ ደግሞ ሦስት ኤ ቢያመጣም ለሕክምና አይታይለትም። ለምህንድስናም ሂሳብና ፊዚክስ እንደዚሁ ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን መመኘታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን በሲኒየር 3 ኬሚስትሪ የከበደውን ልጅ በግድ ወደዚያ መግፋት ሁለት ዓመት ያስከፍላል። ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ጂኦግራፊ የያዘ ልጅም ሰነፍ ማለት አይደለም፤ ሕግና ንግድ ሥራ በዚያ በኩል ይደረስባቸዋል።

ገና በሲኒየር 3 እና 4 ያላችሁ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ከውጤታችሁ 20 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከክፍል ሥራና ከፕሮጀክት ነው። የእኛ ሰው በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ትምህርት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ይህ ነጥብ ለአዲሱ ትምህርት ቤት መተላለፉን ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ከኢትዮጵያ የትምህርት ማስረጃ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ በኡጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ የአቻ ግምት ማሠራት ይኖርባችኋል። የማመልከቻ ጊዜ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ወረቀት የራሱ ጊዜ አለው።

አንድ ዋና ትምህርትና ሁለት በንዑስ ደረጃ ያለፈ ተማሪም ዲፕሎማ መጀመር ይችላል፤ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ መሸጋገሪያ መንገድ አለ። የምትፈልጉትን ሙያና የሲኒየር 3 ውጤታችሁን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።