ቀይ ላባ ያላቸውን ወፎች ስለ መለየት

ከከተማ ወጣ ባልን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ቀይ ወፍ! ቀይ ወፍ!» ብሎ መጮኹ አይቀርም። ወፉ ይበራል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን አይገኝም። በአገራችን ቀይ ላባ ያላቸው ወፎች ብዙ ስለ ሆኑ «ቀይ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ተመልካች ሦስት ነገሮችን ሊያስተውል ይገባል፤ እነርሱም ቀዩ ያለበት የአካል ክፍል፣ ወራቱና ስፍራው ናቸው።

አንደኛ፤ የአካል ክፍል። ከአዲስ አበባ ብዙ ሳንርቅ በመናገሻ ደን ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ ይገኛል። በቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴና ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ቀዩ የሚገለጠው ክንፉን ዘርግቶ ሲበር ነው። ይህ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ ያለበት ሲሆን የቱራኮ ወገን ብቻ ነው። በከተማችን ዛፎች ላይ የምናያት ትንሽ በቀቀንም አረንጓዴ ናት፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። በወንዶ ገነት ደን የሚኖረው ናሪና ትሮጎን ደግሞ ሆዱ ደማቅ ቀይ፣ ጀርባው አረንጓዴ ነው። ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥ፣ በጀርባው በኩል ለሚያየው ሰው ቅጠል ይመስላል።

ሁለተኛ፤ ወራት። በረግረግና በረጅም ሣር ውስጥ የሚኖረው ቀይ ቢሾፕ በዝናብ ወራት፣ በርቢው ጊዜ፣ ወንዱ ቀይና ጥቁር ይለብሳል። ወራቱ ሲያልፍ ግን እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በጥር ሄዶ «ወፉ ጠፍቷል» የሚል ሰው፣ ምናልባት ወፉ እፊቱ ቆሞ ሳለ ድንቢጥ መስሎት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስፍራ። በአዋሽ ሜዳ ሰውነቱ ቀይ፣ ራሱ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ጅራቱ ረጅም የሆነ ንብ በል ወፍ ይታያል። ሣር ሲቃጠል ከእሳቱ የሚሸሹትን ነፍሳት ለመያዝ ወደ ጢሱ ይመጣል። ጎጆውንም በወንዝ ዳር ገደል ቆፍሮ በማኅበር ይሠራል።

«ይህን ሁሉ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር የሩስፖሊን ነገር ያስብ። ኢጣሊያዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር እስከዚያ ድረስ በሳይንስ ያልታወቀ ቱራኮ ሰብስቦ ነበር። ነገር ግን በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው፤ ወፉ ከየት እንደ ተገኘ የሚገልጽ ጽሑፍም አልተወም። በዚህ ምክንያት ወፉ እስከ 1940ዎቹ ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል፣ ስፍራው ሳይታወቅ ቀረ። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይኖርም፤ መኖሪያውም በነገሌ ቦረና አካባቢ ያለ ጠባብ አገር ነው፤ እዚያም ዛፉ እየተመነጠረ ነው። የት እንዳለ ያልታወቀን ነገር መጠበቅ አይቻልም።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። ቀይ ወፍ ስናይ ቀኑን፣ ስፍራውንና ቀዩ ያለበትን የአካል ክፍል እንጻፍ፤ ስሙን በኋላ ተጠያይቀን እንደርስበታለን።