የእኛ ክረምት የሰው አገር ክረምት አይደለም

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ስለ ወቅቶች ደጋግመን ተምረናል። እኔ ግን ነገሩ በደንብ የገባኝ እህቴ በሐምሌ ለአንድ ወር ሥልጠና ወደ ሮም ስትሄድ ነው። ያን ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡና ጉሙ ከቤት አላስወጣ ብሎን ነበር። እማዬ «ክረምት አይደል እንዴ! ብርድ እንዳይመታሽ» እያለች ሦስት ሹራብና አንድ ጋቢ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። የተፈቀደው 23 ኪሎ ሞላና በርበሬውና ሽሮው ቤት ቀረ። እኔም የጂኦግራፊ ተማሪ ሆኜ ዝም አልኩ። እህቴ እንደደረሰች ደውላ «ሙቀቱ 35 ዲግሪ ነው፤ ሹራቡን ምን ላድርገው?» አለች።

ስህተቱ ያለው ከስሙ ላይ ነው። እኛ 10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን በዓመት ውስጥ ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ወቅት የምንለየው በዝናብ ነው። ሮም ግን 42 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እዚያ ወቅት የሚለየው በዋናነት በሙቀት ነው። የመሬት ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ በሐምሌ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያጋድላል። ይህም ለእኛ ዝናብ፣ ለሮም ደረቅ ሙቀት ያመጣል። ጆሃንስበርግ ደግሞ በደቡብ ስለሆነች በዚያው ሐምሌ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ውርጭም አለ። ጋቢውስ ለዚያ በሆነ ነበር!

ስለዚህ ሻንጣ ስናዘጋጅ «ክረምት ነው በጋ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። የከተማዋን ኬክሮስ፣ ከፍታና የወሩን አማካይ ሙቀት እንይ። ከዚህ በዝናብ ለሚነሳ ሰው አንድ ሹራብ በእጅ ይበቃል። የቀረው ኪሎ ለሽሮው ይሁን።