የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

ልጄ፣

ከአዲስ አበባ ጀበናና ስኒ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ እያስመጣህ ኦንላይን ልትሸጥ መሆኑን እናትህ ነገረችኝ። እሰይ፣ ደግ አድርገሃል። ዋጋውንና ማስታወቂያውን ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው የንግዱን ሌላ ጫፍ ነው። እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ውስጥ አንድ መጋዘን ተመላሽ ዕቃ በሚፈተሽበት ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሲያትል ሬኒየር አቬኑ አካባቢ ገዢና ሻጭ ሲካሰሱ ለሽምግልና ይጠሩኛል። ሰው የሚቀያየመው ሲገዛ ሳይሆን ገንዘቤን መልስልኝ ሲል ነው። ስለዚህ ምክሬ እዚያ ላይ ነው።

1. «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የአዲስ አበባ ሱቆች ማስታወቂያ እዚህ ይዘኸው አትምጣ። ኢቤይ ላይ ሪተርን አልቀበልም ብለህ ብትጽፍ እንኳ፣ ዕቃው ተሰብሮ ወይም ከገለጽከው ተለይቶ ከደረሰ ትቀበላለህ፤ የመመለሻውንም ፖስታ የምትከፍለው አንተ ነህ። አማዞን ላይ አብዛኛው ዕቃ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮም ቢሆን በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል። እንግዲህ ዋጋ ስትተምን ከሚሸጡት ውስጥ የተወሰኑት ተመልሰው እንደሚመጡ ቆጥረህ ተምን። ይህን ያላሰበ ነጋዴ የመጀመሪያው ዕቃ ሲመለስበት ይቆጣል፤ በንዴት የጻፈውም ቃል ኋላ በእሱ ላይ ማስረጃ ይሆንበታል።

2. ዳኛው ሽማግሌ አይደለም። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አጥብቀህ ያዝልኝ።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌው ሁለቱንም ያውቃል። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከዚህ በፊት ቃላቸውን እንዴት እንደጠበቁ ያውቃል፤ መሐላም ይሰማል፣ ፊትም ያያል። የኦንላይኑ ገበያ ዳኛ ግን ከዚህ አንዱንም አያይም። በኢቤይና በፔይፓል የክርክር መፍቻውን ክፍል ለዓመታት የመራው ኮሊን ሩል እንደጻፈው ኢቤይ በዓመት 60 ሚሊዮን ያህል ክርክር ያስተናግድ ነበር፤ አብዛኛውም የሰው እጅ ሳይገባበት በኮምፒውተር ነው የሚያልቀው። እንዲህ ያለ ዳኛ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ትራኪንግ ቁጥር አለ? ዕቃው ደርሷል ይላል? ፎቶ አለ? ሻጩ በቀኑ መልስ ሰጥቷል? ሐቀኛ ሰው ሲረታ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚረታውም ስለዋሸ ሳይሆን የሚያሳየው ስለሌለው ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ከገዢ ጋር የምትነጋገረውን ሁሉ በገበያው በራሱ መልእክት መላኪያ ጻፈው። ደንበኛው ደውሎ ካናገረህ በደስታ አናግረው፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን «ቅድም በስልክ እንደተስማማነው ግማሹን ገንዘብ እመልሳለሁ፣ ዕቃው እርስዎ ዘንድ ይቀራል» ብለህ እዚያው ላክለት። ዋትስአፕና ቫይበር ላይ የተባባላችሁትን ያ ዳኛ አያየውም።

3. ሳጥኑን ከማሸግህ በፊት ፎቶ አንሳ። ጀበና ስትልክ አንገቱን፣ ጆሮውን፣ ቂጡን ለየብቻ አንሳ፤ በሸክላው ላይ የእሳት ጥቁረት ካለበት እሱን አቅርበህ አንሳና መሸጫው ገጽ ላይም ለጥፈው። ጥቁረቱን አስቀድሞ ያየ ገዢ አሮጌ ዕቃ ላክብኝ ሊል አይችልም። ጀበና የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነውና ውስጡንም አንገቱንም ወረቀት ሙላው፣ ከዚያ ሳጥኑን ከፍተህ ከነማሸጊያው አንድ ፎቶ፣ ዘግተህ ከነሌብሉ ሌላ ፎቶ። ፖስታ ቤት ስትሄድ ዝም ብለህ ጥለኸው አትውጣ። ሠራተኛዋ ስካን ታድርገውና ደረሰኙን ተቀበል፤ ክብደቱ እዚያ ላይ ይጻፋል። ባዶ ሳጥን ነው የደረሰኝ የሚል ሰው ሲመጣብህ ያ ክብደት ይመሰክርልሃል። ኢቤይ ላይ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ ደግሞ ተቀባዩ ሳይፈርም ከደረሰ፣ አልደረሰኝም ሲል የሻጭ ጥበቃው አይሸፍንህም። የወርቅ ጥልፍ ያለበት የሙሽራ ልብስ እዚያ ዋጋ ላይ ይደርሳልና አስብበት።

4. ቀን ይቁጠር። ገዢ ኢቤይ ላይ ቅሬታ ሲያስገባብህ 3 የሥራ ቀን አለህ፤ ካለፈ ኢቤይ ገብቶ ይፈርዳል። አማዞን ላይ ገዢው ጽፎልህ በ48 ሰዓት ካልፈታህለት ኤ ቱ ዚ በሚባለው ዋስትና ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ለቅሶ ነበረብኝ ማለት አይሠራም።

ገዢ ስትሆን ደግሞ ቀኑ በአንተ ላይ ይሮጣል። ኢቤይ ዕቃው ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከሚገባው ቀን 30 ቀን፣ የአማዞን ኤ ቱ ዚ ከመጨረሻው የመድረሻ ቀን 90 ቀን፣ ፔይፓል ከከፈልክበት 180 ቀን ነው። ፔይፓል ላይ ክርክር ከፍተህ በ20 ቀን ውስጥ ወደ ክሌም ካላሳደግከው ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይከፈትም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህች ላይ ነው። ሻጩ «የኔ ጌታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ በለዘብታ ያቆየዋል፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት ይጠብቃል፤ ቀኑ ያልፋል። ይሉኝታህን አልነቅፍም፣ ያሳደግንህ እኛ ነን። ክሌሙን አስገብተህም ግን በትሕትና መነጋገር ትችላለህ።

ሻጭ ሆነህ አንድ የፌዴራል ደንብ አስታውስ። የምትልክበትን ቀን ሳትናገር ገንዘብ ከተቀበልክ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለብህ። ካልቻልክ ለገዢው አስታውቀህ ይጠብቅ እንደሆነ ትጠይቀዋለህ፤ ካልፈቀደ ገንዘቡን ትመልሳለህ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊቆይ ይችላልና ቀኑን አርቀህ ተናገር።

5. ለማታውቀው ሰው በዜል አትክፈል፤ የማያውቅህንም ሰው በዜል ክፈለኝ አትበል።

ከምሸመግላቸው ጠቦች የሚበዙት ከዚህ የሚነሱ ናቸው። አንዷን ልንገርህ። ሲታክ የምትኖር እናት ለልጇ ሠርግ ሽሮ ሜዳ ካለ ሰፊ ቀሚሶች አዘዘች። የተዋወቁት በቲክቶክ ነው፤ ዋጋውን የተስማሙት በድምፅ መልእክት ነው፤ ገንዘቡን የላከችው እዚሁ ሲያትል ላለ የሰፊው ዘመድ በዜል ነው። ጥለቱ ሰማያዊ ታዞ አረንጓዴ ሆነ። የደረሰውም ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። እሷ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስ አለች። ሰፊው፣ ለሸማኔው ከፍያለሁ፣ ክሩን ገዝቻለሁ፣ በድምፅ የነገረችኝ አረንጓዴ ነው አለ። ዘመድየው እኔ አስተላላፊ ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም አለ። ባንኳ ደግሞ ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽው ገንዘብ ነው አላት። እውነትም ሕጉ የሚጠብቀው ሳታውቀው ከሒሳብህ የወጣውን ነው። ዜል ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው በባንኮቹ ባለቤትነት ነው፣ ይታመናል፤ ለግዢ የሚሰጠው ዋስትና ግን የለም። ከእጅ እንደወጣ ጥሬ ገንዘብ ቁጠረው።

ሦስቱንም አንድ ላይ ስናነጋግር የድምፅ መልእክቱ ተሰማ። እናቲቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ብላ፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ሰማያዊ ቀይራ፣ ሰፊው «እሺ የኔ እመቤት» ብሎ ነበር። እሺታው ሲሰማ እሱም ዝም አለ። ግማሹን መልሶ ቀሚሶቹ እሷ ዘንድ ቀሩ፤ ተስማሙ። የተስማሙት የሰፊው ዘመድ እዚሁ ስለነበረ ነው። ሰፊው ሲያትል ሰው ባይኖረው ኖሮ ማንን እንጠራ ነበር?

ስለዚህ አንተ ስትሸጥ ቀለሙን፣ የጥለቱን ስፋት፣ የደረትና የወገብ ልኩን፣ የሚደርስበትን ቀን ጽፈህ ላክና ገዢዋ «ትክክል ነው» ብላ ትመልስልህ። በልክ ለተሰፋ ልብስ ግማሽ ቀብድ፣ ግማሹ ከመላኩ በፊት የተጠናቀቀውን ፎቶ አይታ። በፔይፓል ሲሆን የዕቃና የአገልግሎት በሚለው ይሁን፤ የወዳጅና የቤተሰብ በሚለው የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ አያገኝም። አንተ ገዢ ስትሆን ሻጩ ያቺን ትንሽ ኮሚሽን ለማትረፍ በወዳጅ ላክልኝ ካለህ፣ ኮሚሽኑን ራስህ ጨምርለትና በትክክለኛው መንገድ ላክ።

6. ስትገዛ በክሬዲት ካርድ ግዛ። በ1974 የወጣው ሕግ ያልደረሰ ወይም እንደ ስምምነቱ ያልቀረበ ዕቃ ሒሳብ ላይ ሲመጣ፣ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትከራከር መብት ይሰጥሃል፤ ባንኩም በሁለት የሒሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መጨረስ አለበት። ዴቢት ካርድ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ሻጩ፣ ቀጥሎ ገበያው፣ በመጨረሻ ባንኩ። በአንድ ጊዜ ሁለት በር አታንኳኳ፤ ባንክ ከገባህ ገበያው የራሱን መዝገብ ይዘጋዋል።

7. በሐሰት ገንዘብ አታስመልስ፤ የሚያስመልስ ጓደኛም አይኑርህ።

መጋዘኑ ጠረጴዛዬ ላይ አየው የነበረውን ልንገርህ። አዲስ ስልክ ተመለሰ ተብሎ ሳጥኑን ስከፍት ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ። አልተጠቀምኩበትም የተባለ የቡና ማሽን፣ ውስጡ እርጥብ አተላ። አንድ ምሽት ተለብሶ ሽቶው ያለቀቀ ቀሚስ፣ ከነዋጋ ወረቀቱ። የሚያደርጉት ሰዎች ትልቁ ኩባንያ አይጎዳም ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው የኩባንያው ሳይሆን እንደ አንተ ያለ ትንሽ ነጋዴ ንብረት ነው፤ ሽቶ የሸተተውን ቀሚስ ተቀብሎ የሚከስረው እሱ ነው።

ቴሌግራም ላይ «ዕቃውን ያዝ፣ ገንዘቡን እናስመልስልሃለን» የሚሉ አሉ። በታኅሣሥ 2023 አማዞን እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ያለውን ሬክ የተባለ ቡድን እዚሁ ሲያትል በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሶታል። በክሱ ውስጥ አገልግሎቱን የተጠቀሙ ደንበኞችም አሉበት። የስደተኛ ልጅ በማጭበርበር ስሙ ሲነሣ የሚያጣው የገበያ አካውንቱን ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ በሂደት ላይ ያለ ወንድም ካለህ ይህን በተለይ ንገረው።

8. ጥፋቱ ያንተ ከሆነ በዚያው ቀን መልስ። ገዢው ያሳየህን ፎቶ አይተህ እውነቱን ካወቅክ፣ ዳኛው እስኪፈርድ መጠበቅ ምን ይጠቅምሃል? ቅጣት ይጨምርብሃል፤ አማዞን ላይ ችግር ያለባቸው ትዕዛዞችህ ከ1 በመቶ በታች ካልሆኑ የመሸጥ ፈቃድህ አደጋ ላይ ነው። ግን ለሪከርዱ ብለህ ብቻ እንድትመልስ አልፈልግም። የሰው ገንዘብ ቤትህ አይደር። ስትመልስም ሪቪውህን አጥፋልኝ ብለህ አትደራደር፤ ክልክልም ነው፣ ነውርም ነው።

9. ሁሉም በር ከተዘጋ ፍርድ ቤት አለ። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ግለሰብ በስሞል ክሌምስ እስከ 10,000 ዶላር መክሰስ ይችላል፤ ያለ ዳኛው ፈቃድ ጠበቃ አይቆምም፤ እናትህም ብትሆን ቆማ ትናገራለች። አስተርጓሚ ካስፈለጋት አስቀድመሽ ጠይቂ በላት። የምትከሰው ሰው ግን በዚህ ግዛት የሚኖር መሆን አለበት ማለት ይቻላል፤ ጓንግዡ ያለ ሻጭን እዚህ ከሰህ ገንዘብ አታገኝም። ከአማዞን ከራሱ ጋር ለሆነ ክርክር ደግሞ ከ2021 ወዲህ የደንበኛ ውሉ የሚለው ኪንግ ካውንቲ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ነው። ፍሎሪዳ ያለ ሰው የሚርቀው ፍርድ ቤት ለአንተ በላይት ሬል የሚደረስ ነው።

አማዞን ትልቅ ነው ብለህም አትፍራው። ልጆች ታብሌት ላይ እየተጫወቱ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለተቆረጠው ገንዘብ፣ ኤፍቲሲ የተባለው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ የሲያትሉ ዳኛ ጆን ኩፈነር በ2016 አማዞንን ተጠያቂ አድርገው ፈርደዋል፤ በ2017 ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመላሽ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ለወላጆች ክፍት ሆነ። ገንዘቡን ለማግኘት ግን መጠየቅ ነበረባቸው። ተመላሽ ገንዘብ አለህ፣ ጠይቅ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሳያነብ የሚያጠፋ ሰው በቤታችን ብዙ ነው። ማጭበርበሪያ መሆኑን የምትለየው ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ በመጫን ሳይሆን ራስህ የኤፍቲሲን ድረ ገጽ ከፍተህ በመፈለግ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የእናትህን ኢሜይል ከጎኗ ተቀምጠህ አይላት።