ተንሳፋፊ መንደርን ፎቶግራፍ ማንሳት፦ የቶንሌ ሳፕ አብነት

መንደሩ የሚንሳፈፍበት ምክንያት

ቶንሌ ሳፕ በካምቦዲያ የሚገኝ ሐይቅና ከሐይቁ የሚነሣ ወንዝ የጋራ ስም ነው። ወንዙ በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን ከሜኮንግ ወንዝ ጋር ይገናኛል። በደረቁ ወራት ውሃው ከሐይቁ ወደ ሜኮንግ ይወርዳል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ግን ሜኮንግ በዝናብ ስለሚሞላና ከፍታው ስለሚበልጥ፣ የቶንሌ ሳፕ ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል።

በዚህም የተነሣ በደረቁ ወራት 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐይቅ ሲሞላ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በዳርቻው ላይ የተሠራ ቤት በሙላት ጊዜ ይጥለቀለቃል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ከዓሣው ይርቃል። በቀርከሃ እስርና በባዶ በርሜሎች ላይ የቆመ ቤት ግን ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም በጀልባ ተጎትቶ ቦታ ይለውጣል። የክመር፣ የቻምና የቬትናም ተወላጆች በሚኖሩባቸው በእነዚህ መንደሮች ሱቁም ትምህርት ቤቱም ይንሳፈፋል።

በምስሉ ውስጥ መታየት ያለበት ነገር

ከሩቅ የተነሣ ተንሳፋፊ ቤት በውሃ ዳር የቆመ ተራ ቤት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቤቱን ከውሃው ጋር የሚያያይዙት ነገሮች በምስሉ መግባት አለባቸው፦ የታሰረበት ገመድ፣ ከወለሉ ሥር ያለው በርሜል፣ በደጃፉ የቆመችው ጀልባ። ሰፊ እይታ የመንደሩን አሰፋፈር ያሳያል። ቀረብ ያለ ምስል ደግሞ ሥራውን ይገልጣል፦ መረብ ሲጠገን፣ ፕራሆክ (ተወቅጦ በጨው የሚብላላ ዓሣ) ሲዘጋጅ፣ አትክልት በጀልባ እየዞረ ሲሸጥ።

የወቅቶችን ልዩነት ለማሳየት አንድን ስፍራ በሙላትም በጉድለትም ማንሳት ያስፈልጋል። ቤቶቹ ራሳቸው ከውሃው ጋር ስለሚነሡና ስለሚወርዱ የከፍታውን ለውጥ አይመሰክሩም። ለውጡ የሚታወቀው ዛፍን ወይም የድልድይ ምሰሶን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ነገር በምስሉ ሲካተት ነው።

ውሃ ብርሃንን የሚለውጥበት መንገድ

ካምቦዲያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ለስላሳው የማለዳ ብርሃንም ቶሎ ያልፋል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚሰበስቡት በአብዛኛው በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ ሥራውና ጥሩው ብርሃን ይገጣጠማሉ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ውሃው ብርሃኑን ወደ ካሜራው ይመልሳል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በዚህ ድምቀት ተስቦ ምስሉን ያጨልማል፤ የሰውም ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው ብርሃኑን ከፊት ላይ መለካት ነው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅን የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) የውሃውን ብልጭታ ያረግባል። ይሁን እንጂ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃንም ስለሚቀንስ በጨለምለም ሰዓት አይመከርም።

ከጀልባ ላይ ምስልን የማጥራት ዘዴ

በጀልባ ላይ የካሜራ መቆሚያ እምብዛም አይጠቅምም፤ መቆሚያው ከጀልባዋ ጋር አብሮ ይወዛወዛልና። የተሻለው ሞተሩን አስጠፍቶ ዝቅ ብሎ መቀመጥና ክርንን ከጎን ማስጠጋት ነው።

የሚነሣው ሰውም በጀልባ ላይ ከሆነ ሁለት እንቅስቃሴዎች ይደራረባሉ። በዚህ ጊዜ ሻተር (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስን መዝጊያ) በ1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ቢፈጥን ምስሉ አይደበዝዝም።

ፈቃድ የሚጠየቅበት ምክንያትና አግባብ

የብዙዎቹ ቤቶች ፊት ለፊት ለነፋስና ለጀልባ ሲባል ወደ ውሃው ክፍት ነው። ውሃው መንገድም ግቢም ስለሆነ፣ ከሩቅ በሚያቀርብ ሌንስ ማንሳት ሳያንኳኩ ቤት ከመግባት አይለይም። ፈጥኖ የሚያልፍ ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበልም ቤቶቹን ያናውጣል። ተገቢው አካሄድ በዝግታ መቅረብ፣ መዳፎችን አጋጥሞ በአገሩ ወግ ሰላምታ መስጠትና ካሜራውን ከማንሳት በፊት መጠየቅ ነው። ለሕፃናት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከቬትናማውያን ነዋሪዎች ብዙዎቹ የዜግነት ሰነድ የላቸውም። ፊታቸውና መኖሪያቸው አብረው ቢታተሙ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ምስሉ የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

በቶንሌ ሳፕ ወንዝ ዳር ባለችው በካምፖንግ ችናንግ ከተማ፣ በተንሳፋፊ ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦችን ወደ የብስ የማዛወር ሥራ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተካሂዷል። ስለዚህ የዛሬው ምስል ነገ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል። ለዚህም እንዲበቃ ቦታው፣ ወሩና ዓመቱ እንዲሁም የውሃው ሁኔታ ከሥሩ ሊጻፍ ይገባል፤ ካልተጻፈ በጉድለት ወር ጭቃ ላይ ያረፈ ቤት የተተወ ቤት መስሎ ተመልካቹን ያሳስታል።