የንግድ ትምህርት፦ ቲኬትን መልሶ ስለ መሸጥና ስለ እንግዳ ደጋፊዎች

አንድ ነጋዴ ዕቃውን በሙሉ ሸጦ ሳለ ሊጎዳ ይችላልን? ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም፥ በአሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቡድኖች ላይ የደረሰው ነገር መልሱን ይሰጠናል።

ናሽቪል በቴኔሲ ግዛት የሚገኝ ከተማ ሲሆን ከቺካጎ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የቺካጎ ቡድን በ2010 እና በ2013 እ.ኤ.አ. የስታንሊን ዋንጫ ስለ ወሰደ ደጋፊዎቹ እጅግ በዝተው ነበር። ወደ ናሽቪል በሚመጣበትም ቀን ቀይ የለበሱ እንግዶች ወንበሮቹን ስለሚይዙ፥ ባለ ሜዳው ቡድን በገዛ ቤቱ እንግዳ መሰለ።

እንግዶቹ ቲኬቱን ከየት አገኙት? ከፊሉን በቀጥታ ከቡድኑ፥ ከፊሉንም ከቡድኑ ቋሚ ደምበኞች ገዝተው ነው። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ደምበኛ የወቅቱን 41 የሜዳ ጨዋታዎች እያንዳንዱን በ50 ዶላር ሒሳብ ቢገዛ 2,050 ዶላር ይከፍላል። እንግዳ ደጋፊ የሚበዛባቸውን 10 ቀኖች እያንዳንዱን በ120 ዶላር ቢሸጥ 1,200 ዶላር ያገኛል። ስለዚህ የቀሩት 31 ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ከ28 ዶላር በታች ወጡለት ማለት ነው። ደምበኛው በዚህ አይወቀስም፤ ፈላጊው ብዙ የሆነውንና ጥቂት የሆነውን ቀን በአንድ ዋጋ የሸጠው ባለ ዕቃው ራሱ ነውና።

የናሽቪል ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አወጣ። ይኸውም የቺካጎን ጨዋታ ቲኬት ለብቻው መግዛት የሚፈልግ ሰው የሌላ ጨዋታም ቲኬት አብሮ እንዲገዛ ማስገደድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፍሎሪዳ የሚገኘው የታምፓ ቡድን፥ የክሬዲት ካርዱ አድራሻ በፍሎሪዳ ለሆነ ገዢ ብቻ ቲኬት እንዲሸጥ አደረገ፤ በአንዳንድ ልዩ መቀመጫዎችም የእንግዳውን ቡድን ልብስ መልበስ ከለከለ።

እነዚህ ዘዴዎች የመጀመሪያውን ሽያጭ ይቆጣጠራሉ እንጂ ሁለተኛውን አይገቱም። የአገሩ ሰው ገዝቶ ለሩቁ ሰው ከሸጠ አጥሩ ተዘለለ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ሕግም የሻጩን የመግዣ ገደብ በኮምፒዩተር ፕሮግራም እያለፉ ቲኬት መሰብሰብን ከለከለ እንጂ፥ መልሶ መሸጥን ራሱን አልከለከለም።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ዋጋ እንደ ፈላጊው ብዛት ካልተለየ ልዩነቱን መካከለኛው ሰው ይወስደዋል። ሁለተኛ፥ ለቋሚ ደምበኛ ቅናሽ የሚሰጥ ጅምላ ሻጭ፥ ዕቃው መልሶ የሚሸጥበትን ሁኔታ አስቀድሞ በውል ይጻፍ፤ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ክልከላ ቅሬታን ብቻ ያተርፋል። ሦስተኛውም ከሁሉ ይበልጣል፦ ባለ ሜዳው የአገሩን ሰው እንዲመጣ የሚያደርግ ምክንያት ይስጠው። እንግዳው ገንዘቡን ከፍሎ ቡድኑ ሲሸነፍ አይመለስም። በክፉው ዓመት፥ ቡድኑ ተሸንፎ ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፥ መጥቶ የሚቀመጠው የአገሩ ደምበኛ ነው።

ስለዚህ የዛሬውን ሽያጭ በምንቈጥርበት ጊዜ፥ የገዛን ማን እንደ ሆነም አብረን እንቍጠር።